ጋንና ብርሌ፤ የጠጅ ጣይ ሴቶች ንግድ ታሪክ

ነጋዴ ሲባል በብዙ ሰው ኅሊና የሚሣለው በቅሎውን ጭኖ ከገበያ ገበያ የሚሻገር፣ አሞሌና የዝሆን ጥርስ የሚያመላልስ ወንድ ነው፤ እኔ ግን ከሃያ ዓመት በላይ ጠጅ በመጣል ቤቴን ያቆምሁ ሴት ነኝና፣ በዚያ በበቅሎ ነጋዴው ዘመን ጓዳዋ ውስጥ ጋኗን ደርድራ፣ ማሩንና ጌሾውን መዝና፣ በላቧ ልጆቿን ያሳደገችው ሴት ከነጋዴ ሳትቈጠር መቅረቷ ዘወትር ይቈጨኛል።

ጠጅ፣ ሊቃውንቱ በግእዝ ሜስ የሚሉት፣ ከነገሥታቱ ማዕድ ያልተለየ ጥንታዊ መጠጥ ነው፤ በ1520 እ.ኤ.አ. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ወደ አገራችን የገባው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስለ ጉዞው በጻፈው መጽሐፍ ሳይቀር የማሩን መጠጥ ያነሣዋል። በቀደመው ዘመን ጠጁ የቤተ መንግሥትና የመኳንንት ነበር፤ ባላገሩ ግን ጠላውን ጠምቆ ክብረ በዓሉንና ጽዋ ማኅበሩን ያከብርበታል። ከየአውራጃው በግብር የተሰበሰበው ማር ወደ ጌቶች ቤት ሲገባ ተቀብሎ ወደ ጠጅ የሚለውጠው የሴቶች እጅ ሲሆን፣ በአዳራሹ ስሙ የሚነሣው ግብር ያበላው ጌታ ብቻ ነበር።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ተቈርቍራ ወታደሩ፣ ነጋዴው፣ ባለጉዳዩና የእጅ ሠራተኛው ሲጎርፍባት፣ ከዘመዱ ርቆ የሚኖር ሰው በዛ፤ ይህም ሰው የሚቀመጥበትና የሚጫወትበት ቤት ስለ ፈለገ፣ በጓዳ የተወሰነው ጥበብ ወደ ጎዳና ወጣ። ጣሳ በእንጨት ጫፍ ደፍታ ደጃፏ ላይ ያቆመች ሴት ጠላ እንዳላት ለመንገደኛው ሁሉ አስታወቀች፤ ጠጅ የጣለችውም ብርሌዋን አጥባ ደረደረች። ከተማዪቱን አዲስ አበባ ያሏት እቴጌ ጣይቱም የቤተ መንግሥቱን ግብር በብርቱ ሥርዓት የሚመሩ ወይዘሮ ነበሩና፣ በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ እስከ ዛሬ በስማቸው የሚጠራውን ሆቴል ፒያሳ ላይ ሲያቋቁሙ፣ እንግዳን የመቀበል ጥበብ ከጓዳ ወጥቶ የንግድ ተቋም ሊሆን እንደሚችል በይፋ አሳዩ። የምድር ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ፤ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካም በ1915 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ ይሁን እንጂ ጋኑ ከስፍራው አልተነቀነቀም።

የዚህ ንግድ ጥንካሬው ምንም ነገር ሳይባክን በመሠራቱ ላይ ነው። ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ይታጠናል፤ አንድ እጅ ማር በሦስት ወይም በአራት እጅ ውሃ ይበጠበጣል፤ ሰፈፉ ተገፎ ሰሙ ለጧፍ ይሆናል፤ ከዚያም የተቀቀለው የጌሾ እንጨት ይገባና ማሩ በጊዜው ይፈላል። በጠላውም ቤት እንዲሁ ነው፤ ዋናው ከተቀዳ በኋላ ውሃ ተጨምሮ ቅራሪው ይጠጣል፤ አተላውም ለከብት አድላቢ ይሸጣል።

አያቴ ጠላ ጠማቂ፣ ጠጅም ጣይ ነበረች። ጆሮዋን ከጋኑ ሆድ አስጠግታ ታዳምጥና «ገና ያጉረመርማል፤ ተዪው» ትለኝ ነበር። ለጥምቀት ዋዜማ ሰው በበዛ ጊዜ እኔ ጆሮዬን ሳላስጠጋ፣ ገንዘቡን ብቻ አይቼ፣ ያልደረሰውን ጋን ከፍቼ መቅዳት ስጀምር ደረሰችብኝና አንዱን ብርሌ ቀምሳ ዝም አለች፤ ቀጥላም፣ «ልጄ፣ ብርዝ ነው ብለሽ በብርዝ ዋጋ ሽጪው፤ ጠጅ ነው ብለሽ ግን አንድ ብርሌ እንዳትቀጂ» አለችኝ። በዚያ ቀን የጎደለብኝን ገንዘብ በኋላ ብዙ ጊዜ አተረፍሁት፤ ዕቃን በእውነተኛ ስሙ መጥራት የንግድ ሁሉ መሠረት መሆኑን ከዚያች ዕለት ወዲያ ሌላ መምህር አላስተማረኝም።

ቤቴን ላስፋፋ ብዬ ብድር በጠየቅሁ ጊዜ መያዣ የሚሆን ሀብት አቅርቢ ተባልሁ፤ ጋኖቼን፣ ደንበኞቼን፣ ከአያቴ የወረስሁትን ጥበብ ቈጥሬ ባቀርብ ግን አንዱም በቅጹ ላይ ስፍራ አልነበረውም። ያን ጊዜ የአያቴ ጓዳ ግድግዳ ትዝ አለኝ። ፊደል ስላልቈጠረች የዱቤውን ሒሳብ በከሰል እየጫረች ትይዝ ነበር፤ ይህ የዘበኛው፣ ያ የሸማኔው እያለች ከጭረቱ አንዱን ከሌላው ሳታምታታ ትነግረኛለች። ከባለ ዕዳዎቿ አንዱ ሲሞት ጨርቋን በውሃ ነክራ የእርሱን ጭረት ከግድግዳው ታብስና፣ በአርባው አንድ እንስራ ጠላ አስጭና ወደ ተዝካሩ ትሄዳለች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከለቅሶኞቹ መካከል ስትቀመጥ፣ ሟቹ ለእርሷ ዕዳ እንደ ነበረበት ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።