ነጭ ጋዝ፣ ውርጭና ሰባ ሰባት

በደሃና ደጋ ማታ ማታ ቤት ሲያበራ የኖረው ኩራዝ የሚጠጣው ነጭ ጋዝና ከቦሌ የሚነሣው ጄት የሚጠጣው ነዳጅ የሥጋ ዘመዳሞች ናቸው። አትሳቁብን፣ የምራችንን ነው። ሁለቱም ኬሮሲን ናቸው፤ የጄቱ ይበልጥ የተጣራና የተመረመረ ነው እንጂ። ልዩነቱ ኩራዙ አምደወርቅ መደብ ላይ ተቀምጦ ሲያበራ፣ ጄቱ ነዳጁን ተሸክሞ ከ10,000 ሜትር በላይ መውጣቱ ነው። እዚያ ከዜሮ በታች 50 ዲግሪ ይደርሳል። የዋግ ውርጭ ከዚህ ጋር ሲተያይ ምን አላት!

ጠላቱ ግን ነዳጁ ውስጥ የተደበቀው ውኃ ነው። ኬሮሲን ከአየሩ እርጥበት ይጠጣል። ሲሞቅ ውኃው ሟሙቶ አይታይም፤ ሲቀዘቅዝ ይለያል፣ ቅንጣት በረዶ ይሆናል፣ ማጣሪያው ላይ ይለጠፋል። ሞተሩም ጋኑ ሙሉ ሆኖ በጥም ይሞታል።

ይህ የታወቀው በደም ነው። እ.ኤ.አ. የካቲት 1958 አንድ ቢ-52 ቦምብ ጣይ በአሜሪካ ሳውዝ ዳኮታ፣ ኤልስዎርዝ ጦር ሰፈር ሊያርፍ ሲል ኃይሉን አጥቶ ከማኮብኮቢያው በፊት ወደቀ። ማጣሪያዎቹ በበረዶ ተዘግተው ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ቀደም ሲል «ምክንያቱ ያልታወቀ» ተብለው የተመዘገቡ አደጋዎች እንደገና መታየት የጀመሩት።

መድኃኒቱ አረቄ ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይደለም። ጥሩ አረቄ ፍሪዘር ውስጥ ብታስቀምጡት አይረጋም አይደል? ከአልኮል ጋር የሚዛመድ ፈሳሽ በ1,000 ሊትር ነዳጅ ውስጥ ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ሊትር ይጨመራል፤ ከነዳጁ ይልቅ ውኃውን ስለሚወድ ከጠብታው ጋር ተቀላቅሎ እንዳይረጋ ያደርገዋል። አሜሪካኖቹ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለወታደራዊ ነዳጃቸው ደነገጉት። ሩሲያውያን የራሳቸውን ቀመሙ፤ ስሙን «ፈሳሽ ኢ» አሉት፣ አጭርና ደረቅ። ፈሳሹ ክፉ ጎንም አለው። የመጀመሪያው የአሜሪካ ቅመም ለመራቢያ አካል ጎጂ መሆኑ ስለታወቀ ኋላ በሌላ ተተክቷል።

እንግዲህ ወደ ሰባ ሰባት እንምጣ። ከእ.ኤ.አ. 1984 መጨረሻ ጀምሮ እነዚህ ሁለት የተቀናቃኝ ሠፈር አውሮፕላኖች ባንድ ሰማይ ተገናኙ። የእንግሊዝ አየር ኃይል ሄርኩለሶችና የምዕራብ ጀርመን ትራንዛሎች ባንድ ወገን፣ የሶቭየት አንቶኖቭ-12ና ሚ-8 በሌላ ወገን። ሄርኩለሶቹ ገደላማው ደጋ ላይ ከመሬት ጥቂት ሜትሮች ከፍ ብለው እህል ሲጥሉ፣ የፖላንድ ሄሊኮፕተሮች መውረጃ ሜዳውን ያዘጋጁላቸው ነበር። የዋርሶ ስምምነት አባል ለኔቶ ሜዳ ሲያሰናዳ! ነዳጅ የሚያረጋው ብርድ ግን እህል ሲጥሉ ሳይሆን ከሩቅ አገር ከፍ ብለው ሲመጡ ነው የሚያገኛቸው። ያን ብርድ በቅመምም በማሞቂያም ያለፈ አውሮፕላን ከዋግ ገጠር በላይ ማረፊያ አልነበረውም፤ ምድሩ የጦርነት ምድር ነበር። ኢሕዴን ከተመሠረተበት ከዋግ፣ ደርግ ወደያዛት ቆረም፣ እህሉ ወደ ሕዝቡ ሳይሆን ሕዝቡ ወደ እህሉ በእግሩ ሄደ። መንገድ ላይ የቀረውን የቆጠረ የለም።

ውኃው ግን ተረስቶ አልቀረም። ጥር 17 ቀን 2008 (አሁንም በፈረንጅ) ከቤጂንግ የመጣው የብሪቲሽ ኤርዌይስ ቦይንግ 777 ሂትሮው ሊያርፍ ሲል ሁለቱም ሞተሮቹ ኃይል ከለከሉት፤ እንደዚያ ቢ-52 ከማኮብኮቢያው በፊት ወደቀ፤ 50 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው። 152ቱም ሰዎች ተረፉ። በነዳጅ ቧንቧው የተጠራቀመ በረዶ ተላቆ ማሞቂያውን ዘግቶት ነበር። ማሞቂያውን! መርማሪዎቹ ቅመሙ ለሲቪል አውሮፕላኖችም ይሰፋ እንደሆነ ይጠና ሲሉ አሳሰቡ፤ ሮልስ ሮይስ ደግሞ ማሞቂያውን አሻሽሎ ሠራው። ትላልቆቹ አየር መንገዶች እስከ ዛሬ በዋናነት የሚተማመኑት በዚያው በማሞቂያው ነው።