ከስልኩ ጥሪ በፊት፦ የሴኔጋል የ2000 ምርጫና የአርባ ዓመት አገዛዝ ፍጻሜ

እ.ኤ.አ. ማርች 20 ቀን 2000 የሴኔጋሉ ፕሬዚዳንት አብዱ ዲዩፍ ለተቀናቃኛቸው ለአብዱላይ ዋድ ስልክ ደውለው ስለ ድላቸው የደስታ መግለጫ አቀረቡላቸው። ከነጻነት ማግሥት ጀምሮ ለአርባ ዓመት አገሪቱን የገዛው የሶሻሊስት ፓርቲ ዘመን ማክተሙ በዚያ ጥሪ ተረጋገጠ። ብዙዎች ይህን የሥልጣን ሽግግር የአንድ መሪ ጨዋነት ፍሬ አድርገው ያዩታል። የዲዩፍን ጨዋነት የምክድ አይደለሁም፤ ይሁን እንጂ ጥሪው የረጅም ሂደት መደምደሚያ እንጂ መነሻ አለመሆኑን በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማሳየት እሞክራለሁ።

ሌዎፖል ሴዳር ሴንጎር በ1962 ጠቅላይ ሚኒስትራቸውን ማማዱ ዲያን ካሳሰሩ በኋላ አገሪቱ ወደ አንድ ፓርቲ አገዛዝ አመራች። ዋድ በ1974 የራሳቸውን ፓርቲ ቢመሠርቱም በ1978፣ በ1983፣ በ1988 እና በ1993 ተሸነፉ። የ1988ቱ ውጤት በዳካር ሁከት አስነሥቶ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ዋድም ታሰሩ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ነገር አለ። እስከዚያ ድረስ መራጩ ከመጋረጃው ጀርባ ገብቶ እንዲመርጥ ሕግ አያስገድደውም ነበር፤ ስለሆነም ወደ መጋረጃው ያመራ ሰው ተቃዋሚነቱን በአደባባይ የመሰከረ ያህል ይጠረጠር ነበር። በ1992 መንግሥትና ተቃዋሚዎች ተደራድረው የተስማሙበት የምርጫ ሕግ የድምፅን ምስጢራዊነት ግዴታ አደረገ፤ የመራጩን ዕድሜ ከ21 ወደ 18 ዝቅ አደረገ፤ ለፓርቲዎችም ወኪሎች በር ከፈተ።

እርግጥ ነው፣ ሕግ ብቻውን ገዥን አያወርድም። በ1998 ገዥው ፓርቲ የፕሬዚዳንቱን የሥልጣን ዘመን ገደብ ከሕገ መንግሥቱ ሠረዘ፤ በውስጡ የነበረው የወራሽነት ሽኩቻም ይፋ ወጣ። በመጀመሪያ ጂቦ ካ፣ በ1999 ደግሞ ሙስጠፋ ኒያስ ተለይተው በየፊናቸው ለውድድር ቀረቡ። በፌብሩዋሪ 27 ቀን 2000 ዲዩፍ 41.3፣ ዋድ 31፣ ኒያስ ደግሞ 16.8 በመቶ ገደማ አገኙ። የግል ሬዲዮ ጣቢያዎች ጋዜጠኞች ውጤቱን ከየምርጫ ጣቢያው በተንቀሳቃሽ ስልክ ወዲያው ያስተላልፉ ስለነበር፣ ሌሊቱን ቁጥር መለወጥ እጅግ አስቸጋሪ ሆነ። በሁለተኛው ዙር ጂቦ ካ ወደ ዲዩፍ ቢመለሱም ኒያስ ከዋድ ጋር ቆሙ፤ ዋድም በ58.5 በመቶ አሸነፉ።

እንግዲህ ዲዩፍ ስልኩን ባነሡበት ሰዓት ውጤቱን ሕዝቡ አስቀድሞ ሰምቶት ነበር። መሪው የመረጡት ክብርን ነው፤ የክህደቱን መንገድ ያጠበቡት ግን መጋረጃው፣ ወኪሎቹና ሬዲዮው ናቸው። ለዚህም ማስረጃው የዋድ የራሳቸው ታሪክ ነው። በ2012 ብርቱ ተቃውሞ እየገጠማቸው ለሦስተኛ የሥልጣን ዘመን ተወዳደሩ፤ በማኪ ሳል ሲሸነፉም እርሳቸው በተራቸው ስልክ ደወሉ። ሁለት በጠባይ የማይመሳሰሉ መሪዎች አንድ ዓይነት ፍጻሜ ላይ ደረሱ።

በስደት ሆነን ስለ ሥልጣን ሽግግር ስንከራከር አብዛኛውን ጊዜ የምንጠይቀው «ማን ይምጣ?» ብለን ነው። የሴኔጋል ታሪክ የሚያስገድደን ጥያቄ ሌላ ነው፤ የመጣው ሰው መሄድ ባይፈልግስ?