ሾንኬ፦ ምሽግ ወይስ መድረሳ?

ከከሚሴ ብዙም የማይርቀው ሾንኬ በተራራ አናት ላይ የተሠራ የአርጎባ መንደር ነው። ቤቶቹ ተጠጋግተው በድንጋይ የተካቡ፣ ጣሪያቸውም በእንጨትና በአፈር የተደለደለ ስለሆነ ምሽግ ነው የሚሉት ብዙዎች ናቸው። ከፍታው ለመከላከል መርዳቱ አይካድም። ነገር ግን ምሽግነት ብቻውን መንደሩ እንዴት እንደ ሼህ ጀውሀር ቢን ሐይደር (እ.ኤ.አ. በ1937 ያረፉ) ያለ ታላቅ ዓሊምና ሱፊ መቀመጫ እንደሆነ አያስረዳም። እኔ የመንደሩን ልብ የማየው ከግንቡ ይልቅ በመስጊዱና በቂርአቱ (በሃይማኖት ትምህርቱ) ነው። ስለ መንደሩ ጥንታዊነትም፣ ቤቶቹ በየጊዜው ስለሚጠገኑ ጥንታዊ አይባሉም የሚል ክርክር ይነሣ ይሆናል። የአፈር ጣሪያ ግን ካልታደሰ ያፈሳል፤ በእንዲህ ያለ አሠራር እድሳቱ ራሱ የጥንቱ ሙያ አካል ነው። በዚህ ዓይነት ግንባታ ዕድሜ የሚለካው በአንዱ ድንጋይ ሳይሆን ከአባት ወደ ልጅ በሚሸጋገረው የአካካብ ዕውቀት ነው።