ጃክሃመርና የደነዘዙ ጣቶች፦ የአንድ በሽታ ሁለት ታሪክ



ዐፄ ቴዎድሮስ እ.ኤ.አ. በ1867 ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ፣ መንገዱ የተቆረጠው በሰው ክንድ ነበር። ዛሬ ከይፋግ እስከ ደብረ ታቦር አስፋልት ሲቆፈር ወይም ቋጥኝ ሲፈለጥ የሚሰማው የጃክሃመር ድምፅ ነው። ሥራው ፈጥኗል። እጅ ግን ድሮ የማያውቀውን ነገር መሸከም ጀምሯል፤ በደቂቃ ከ1,000 ጊዜ በላይ የሚመታ ንዝረት።

ጉዳቱን በደንብ ካጠኑት የመጀመሪያዎቹ ሐኪሞች አንዷ አሜሪካዊቷ ዶክተር አሊስ ሃሚልተን ናቸው። እ.ኤ.አ. በጥር 1918 ቤድፎርድ ወደምትባል የኢንዲያና ከተማ ሄደው በአየር ግፊት መዶሻ የኖራ ድንጋይ የሚጠርቡ ሠራተኞችን መረመሩ። ከ10 ሠራተኞች የዘጠኙ ያህል ጣቶች በብርድ ጊዜ ይነጣሉ፣ ይደነዝዛሉ። ብዙውን ጊዜ የባሰው ግራ እጅ ነበር፤ ምክንያቱም መሮውን የሚይዘው እሱ ነው።

በሽታው ታወቀ፣ ተጻፈ። ከዚያስ? ከ60 ዓመት በኋላ፣ በ1978፣ ሌሎች ተመራማሪዎች ወደዚያችው ከተማ ተመለሱ። መዶሻው ብዙም አልተለወጠም፤ የታማሚው ብዛትም እንደዚያው ነበር።

ሁለተኛው ታሪክ የፊንላንድ ነው። በሱኦሙሳልሚ የሚኖሩ እንጨት ቆራጮች ሞተር መጋዝ ይጠቀሙ ነበር፤ በ1972 ከ100ው 40 ያህሉ ነጭ ጣት ነበራቸው። በ1990 ቁጥሩ ወደ 5 ወረደ። በመሃል የተለወጠው መጋዙ ነው። አምራቾች በሞተሩና በእጀታው መካከል ጎማ ወይም ሞላ አስገቡ፣ ማሽኑን አቀለሉ፤ ወደ እጅ የሚደርሰው ንዝረት በመለኪያው ከ14 ወደ 2 ወረደ። እንደ ሐኪም የሚገርመኝ፣ በዚህ ውስጥ አንድም አዲስ መድኃኒት አለመኖሩ ነው። ውጤቱ የመጣው ከመካኒክና ከመሐንዲስ ነው።

የአውሮፓ ኅብረት በ2002 ለስምንት ሰዓት ሥራ የንዝረት ጣሪያውን በዚሁ መለኪያ 5 አድርጎ ደነገገ። 12 የሚለካ ጃክሃመር የያዘ ሠራተኛ ይህን የቀን ጣሪያ ከአንድ ሰዓት ተኩል ባነሰ ጊዜ ይጨርሰዋል ማለት ነው። እኛ ዘንድ ስንት ሰዓት እንደሚያዝ ታውቁታላችሁ።

መለኪያ ባይኖርም እጅ ይናገራል። ማሽኑ ከትናንቱ ይልቅ ዛሬ ካንቀጠቀጠ አንድ ነገር ተበላሽቷል። ፑንታው ደንዝዞ ወይም ተጣሞ ይሆናል፤ ፑንታው የሚገባበት ቦታ ተበልቶ ይወላወላል፤ የእጀታው ጎማ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ብሎን ላልቷል። በግራይንደር ከሆነ ዲስኩ ተሸርፏል ወይም ኩሽኔታው አልቋል። ማሽኑን አጥፍቶ፣ ከመብራት ወይም ከአየር መስመር ነቅሎ ማየት የደቂቃዎች ሥራ ነው። በጉልበት መጫን ደግሞ ንዝረቱን ወደ ክንድ ያስገባዋል እንጂ ድንጋዩን ቶሎ አይሰብረውም። ጓንት እጅን ስለሚያሞቅ ጥሩ ነው፤ የጃክሃመርን ንዝረት ግን ያቆማል ብላችሁ አትመኑበት።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሠራተኛውን ደኅንነት የመጠበቅ ግዴታ የአሠሪው ነው። ስለዚህ «ጎማው ይቀየርልኝ» ማለት ልመና አይደለም።

ወላጆች፣ ልጃችሁ በዚህ ሥራ ላይ ከሆነ ጠዋት በደብረ ታቦር ብርድ እጁን ሲታጠብ ጣቶቹን እዩ። በእኛ ቆዳ ንጣቱ አመድማ ሊመስል ስለሚችል ጥፍሩንና የመዳፉን በኩል ተመልከቱ። «ብርድ መታው» ተብሎ የሚታለፈው ይኸው ነው። መጀመሪያ ላይ ሲሞቅ ይመለሳል፤ ሲቆይ ግን ቁልፍ መቆለፍ እስከሚያቅት ይደነዝዛል፣ ያኔ ላይመለስ ይችላል። ሲጋራ የደም ሥርን ስለሚያጠብ ያባብሰዋል።

ወደ ጤና ተቋም ስትመጡ «እጄ ይደነዝዛል» ብቻ አትበሉን። በምን መሣሪያ፣ በቀን ስንት ሰዓት፣ ስንት ዓመት እንደሠራችሁ ጨምሩበት። ስኳርና የሥጋ ደዌም እጅ ስለሚያደነዝዙ እነሱንም እናያለን፤ ሥራችሁን ካልነገራችሁን ግን ማሽኑን ማንም አይጠረጥረውም።