አስታማሚውን ማን ያስታምመው?

በ2ኛው ዓመተ ሂጅራ (624 እ.ኤ.አ.) ሙስሊሞች ወደ በድር ሲወጡ ዑስማን ኢብን ዐፋን (ረ.ዐ.) መዲና ቀሩ። የቀሩት ፈርተው አልነበረም። ባለቤታቸው ሩቀያ (ረ.ዐ.)፣ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ልጅ፣ በጠና ታመው ስለነበር እንዲያስታምሟቸው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ራሳቸው አዘዟቸው። ሩቀያ ከሕመሙ አልዳኑም። ዑስማን ግን በጦር ሜዳ እንደዋለ ሰው ከምርኮው ድርሻ ተሰጣቸው፤ አጅራቸውም እንደ ዘማቾቹ መሆኑ ተነገራቸው።

ከዚህ ታሪክ ብዙዎቻችን የምንይዘው ማስታመም ታላቅ ዒባዳ መሆኑን ነው። እውነት ነው። ነገር ግን አንድ ነገር እናስተውል። ዑስማን ሲያስታምሙ ከሌላው ግዴታ ነፃ ተደርገዋል። ዘመቻውን ሌሎች ተሸከሙላቸው። ሁለቱ ሸክም በአንድ ትከሻ ላይ አልተጫነም።

የኋለኞቹ ሙስሊሞችም የበሽተኛን ሸክም ለቤተሰቡ ብቻ አልተዉም። ሱልጣን ቀላዉን ከመንገሣቸው በፊት ታመው፣ ኑረዲን በ1154 በደማስቆ ከመሠረቱት ሆስፒታል በመጣ መድኃኒት ታክመው ነበር። በ1284 ደግሞ ራሳቸው በካይሮ ታላቅ ሆስፒታል አሠሩ። ወጪው የሚሸፈነው ከወቅፍ ገቢ ነበር። ለወንዶች ወንዶች፣ ለሴቶች ሴቶች አገልጋዮች ተቀጥረው በሽተኞችን ይንከባከቡ ነበር። በቤታቸው ለተኙ ድሆች ሳይቀር መድኃኒትና ምግብ ይላክላቸው ነበር።

በ934 ያረፉት ሊቅ አቡ ዘይድ አል-በልኺም ነፍስ እንደ አካል እንደምትታመም ጽፈዋል። ያዘነ ሰው ራሱን ከማጽናናቱ ጋር፣ ከውጭ የሚመክረውና የሚያጽናናው ሰው እንደሚያስፈልገው አስተምረዋል።

ዛሬስ? በየቤታችን አንዲት ልጅ ወይም አንዲት ሚስት ለዓመታት ብቻዋን ታነሣለች፣ ታጥባለች፣ ታጎርሳለች፤ ሌሊቱንም ቁጭ ብላ ታነጋለች። እኛ «አጅርሽ ብዙ ነው» ብለን እንወጣለን። ከዕለታት አንድ ቀን «ሞት በገላገለኝ» ብትል የኢማን ማነስ ነው ብለን አንለፋት። ራስን ማጥፋት ሐራም መሆኑን እርሷም ታውቃለች። የሚያስፈልጋት ተግሣጽ ሳይሆን ሰው ነው። «ራስሽን ለማጥፋት አስበሻል?» ብሎ በግልጽ መጠየቅ ያልነበረ ሐሳብ አያመጣባትም፤ እንዲያውም የታፈነውን ያስተነፍሳታል። አዎ ካለች ብቻዋን አትተዋት። የተባይ ማጥፊያውንና የተከማቸውን መድኃኒት ከአጠገቧ አርቁ፤ በዚያው ቀንም ወደ ጤና ተቋም ውሰዷት።

ከዚያ ሳይደርስ ግን ልንሠራው የሚገባ አለ። ወንድሞች ሆይ! ሌሊቱን ተራ ግቡ። ጎረቤቶች! ልብሱን እጠቡ፤ ገበያውን ውጡላት። አስታማሚዎች ሆይ! «ደከመኝ» ማለት የሰብር ጉድለት አይደለም። ነቢዩ ያዕቁብ (ዐ.ሰ.) መልካም ትዕግሥትን የታገሡ ነበሩ፤ ሆኖም ዓይናቸው እስኪጠፋ አልቅሰዋል።

እንግዲህ በሽተኛ ልትጠይቁ ስትሄዱ «እንዴት አደረ?» ካላችሁ በኋላ ወደ አስታማሚዋ ዞር ብላችሁ «አንቺስ ተኝተሻል?» በሏት። አልተኛሁም ካለች ወንበሯን ተረከቧት። አላህ (ሱ.ወ.) ሕሙማኖቻችንን ያሽርልን፤ አስታማሚዎቻቸውንም ያበርታልን። አሚን።