ግራ ቀኙን የሰማ ጠበቃ
ኔልሰን ማንዴላ ስለ ፖለቲካ፣ ስለ ሃይማኖት፣ ስለ መጻሕፍት፣ ስለ ፊልምና ስለ ስፖርት

በአገራችን የሙግት ባህል፣ ከ“በላ ልበልሃ” ዘመን ጀምሮ፣ ግራ ቀኙን ሳይሰማ የሚፈርድ ዳኛ ይነቀፋል። በችሎት የኖረ የሕግ ሰው ይህን ልማድ ከችሎት ውጭም ይዞት ይወጣል። በ20ኛው መቶ ዓመት አፍሪካ ይህንኑ የችሎት ሚዛን ወደ ፖለቲካ፣ ወደ እምነት፣ ወደ ኪነ ጥበብና ወደ ስፖርት ይዘው ከገቡት መካከል ደቡብ አፍሪካዊው ጠበቃ ኔልሰን ማንዴላ ግንባር ቀደም ናቸው። በ1994 በታተመው የሕይወት ታሪካቸው ያሰፈሯቸው ትዝታዎችና አስተያየቶች አንድ ከባድ ጥያቄ ያስነሳሉ። ጨቋኝ ሥርዓትን የሚታገል ሰው የጨቋኙን ቃል መስማት ይገባዋልን? መስማትስ ማመንታት ነውን? (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማንዴላ በ1952 የራሳቸውን የጥብቅና ቢሮ ከፈቱ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ከኦሊቨር ታምቦ ጋር ተጣምረው በጆሃንስበርግ፣ ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት በሚገኘው ቻንስለር ሐውስ ሥራ ጀመሩ። ለነጮች ብቻ በተከለለ በር መግባት፣ በነጮች አውቶቡስ መሳፈር፣ የይለፍ ደብተር ሳይዙ መገኘት ወንጀል በነበረበት አገር የቢሮው መተላለፊያ ዘወትር በባለጉዳይ የተሞላ ነበር። ሕግ የግፍ መሣሪያ እንደሚሆን ማንዴላ በየዕለቱ ያዩ ነበር፤ ሆኖም የሕግን መሠረታዊ መርሆ አልጣሉም፤ በራሱ በሥርዓቱ ላይ መልሰው አነሡት እንጂ። በ1962 ተይዘው ፍርድ ቤት በቀረቡ ጊዜ የነብር ቆዳ ለብሰው ቆሙ፤ ዳኛውም ከችሎቱ እንዲነሡ ጠየቁ። ዳኛው ነጭ፣ ዐቃቤ ሕጉ ነጭ፣ ሕጉን ያወጣውም ጥቁሩ ተከሳሽ ድምፅ ያልሰጠበት የነጮች ፓርላማ ነው፤ ታዲያ ባለጉዳይ በገዛ ጉዳዩ እንዴት ዳኛ ይሆናል? ጥያቄያቸው ውድቅ ተደርጎ አምስት ዓመት ተፈረደባቸው። ክርክሩ ግን ከችሎቱ አጥር ወጥቶ ለዓለም ተሰማ።

ይህ መርማሪ ዓይን በራሳቸውም ላይ ያረፈበት ጊዜ አለ። በዚያው በ1962 መጀመሪያ፣ በአዲስ አበባ ለሚደረገው የአፍሪካ ነፃነት ንቅናቄዎች ጉባኤ ሲጓዙ ካርቱም ላይ በኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ተሳፈሩ። አብራሪው ጥቁር መሆኑን ባዩ ጊዜ ለአፍታ ደነገጡ፤ ጥቁር እንዴት አውሮፕላን ያበራል? ወዲያው ግን አፓርታይድ በገዛ አእምሯቸው ውስጥ ምን ያህል ሥር እንደሰደደ ተገነዘቡ። ኋላ በኮልፌ ወታደራዊ ሥልጠና የወሰዱት እኚህ ታጋይ ያችን ቅጽበት ሳይደብቁ መመዝገባቸው ከባላጋራቸው አስቀድመው ራሳቸውን ለመስቀለኛ ጥያቄ ማቅረባቸውን ያሳያል።

ስለ ሃይማኖት ያላቸው አስተያየትም በዚሁ ሚዛን የተመዘነ ነው። ማንዴላ በሜቶዲስት ሚስዮን ትምህርት ቤቶች ያደጉ፣ በፎርት ሄር ኮሌጅ ተማሪ ሳሉም እሑድ እሑድ በአቅራቢያው በሚገኙ መንደሮች መጽሐፍ ቅዱስ ያስተማሩ ናቸው። በአንድ በኩል የሆላንድ ተሐድሶ ቤተ ክርስቲያን ለዘር መድልዎ መንፈሳዊ ሽፋን ስትሰጥ ተመልክተዋል። በሌላ በኩል መንግሥት ለጥቁር ልጆች ግድ ባልነበረው ዘመን የትምህርትን በር የከፈቱት ሚስዮኖች እንደነበሩ መስክረዋል። በሮበን ደሴት ወህኒም ሜቶዲስት ነኝ ሳይሉ ልዩ ልዩ ሰባኪዎች የሚመሩትን ጸሎት ሁሉ ይካፈሉ ነበር። አንድ እሑድ ሰባኪውም ምእመኑም ለጸሎት ዓይናቸውን በጨፈኑበት ጊዜ ኤዲ ዳንኤልስ የተባለው እስረኛ በእግሩ ጣት እየተራመደ ከሰባኪው ቦርሳ ጋዜጣ መውሰዱን ማንዴላ በፈገግታ ያስታውሳሉ። ጋዜጣ ለተከለከለ እስረኛ ወሬም እንደ እንጀራ የሚራብ ነገር ነበርና።

ወደ መጻሕፍትና ወደ ቴአትር ስንሻገር፣ ሼክስፒርን በጸጋዬ ገብረ መድኅን ትርጉም በመድረክ ያየ የኢትዮጵያ ተመልካች የሚከተለውን ለመረዳት አይቸገርም። በደሴቲቱ ሶኒ ቬንካትራትናም የተባለ እስረኛ የሼክስፒርን የተውኔት ጥራዝ የሂንዱ የበዓል ካርዶች ለጥፎበት እንደ ሃይማኖት መጽሐፍ አስመስሎ ያቆየው ነበር። ታሳሪዎቹም በየተራ ደስ ያሰኛቸውን ክፍል እየመረጡ ፈረሙበት። ማንዴላ ታኅሣሥ 16 ቀን 1977 ከ“ጁልየስ ቄሳር” ሞትን ስለ መፍራት በሚናገረው ክፍል አጠገብ ስማቸውን አኖሩ። ከሁሉ ይልቅ ግን ትምህርት የሰጣቸው እስረኞቹ ያዘጋጁት የሶፎክልስ “አንቲጎኔ” ነው። የንጉሥ ክሬዎንን ክፍል የተጫወቱት እርሳቸው ነበሩ። ክሬዎን መጀመሪያ አገሩን የሚወድ አስተዋይ ገዥ ነው፤ ሕዝቡም ልጁም ሲለምኑት አልሰማ በማለቱ ቤቱን ያፈርሳል። አልሰማ ባይነት ለመሪ የማይገባ ጉድለት መሆኑን ማንዴላ የተማሩት የባላጋራን ልብስ ለብሰው በመጫወት ነው።

ፊልምም በወህኒ ቤት የክርክር መድረክ ሆኖ ነበር። ስለ “ክሊዮፓትራ” ፊልም ጓዶቻቸው የግብፅን ንግሥት በአሜሪካዊት ተዋናይት መመሰል አፍሪካዊነቷን ለመፋቅ የታቀደ ነው ሲሉ ተቃወሙ። ከዚህ የጠለቀው ክርክር የተነሣው ግን “ሄልስ ኤንጅልስ” በሚባሉት የአሜሪካ ሞተር ብስክሌተኞች ላይ በተሠራ ዘጋቢ ፊልም ነው። አንጋፋዎቹ ታጋዮች ብስክሌተኞቹን ሥርዓት የለሽ ብለው ኮነኑ። ከተማሪው ንቅናቄ የመጣው ስትሪኒ ሙድሊ ግን እነዚህ በሥልጣን ላይ ያመፁት ወጣቶች በ1976 ከተነሡት የሶዌቶ ተማሪዎች በምን ይለያሉ ሲል አንጋፋዎቹን ተጋፈጠ። ቁጣ ሆነ። ማንዴላ በንጽጽሩ አልተስማሙም፤ ዳሩ ግን የወጣቱ ቃል አሳሰባቸው። ለዓመታት የታሰረ ሰው አሳቡም በታሰረበት ዓመት ላይ ሊቆም እንደሚችል አስተዋሉ።

በስፖርት ረገድ ማንዴላ የቦክስ ሰው ነበሩ። በቦክስ የወደዱት መደባደቡን ሳይሆን የስልቱን ጥበብና በመድረኩ ላይ የቆዳ ቀለምና ሀብት ዋጋ ማጣታቸውን ነው። በጠባቧ ክፍላቸውም ጠዋት ጠዋት እስከ 45 ደቂቃ ባሉበት ይሮጡ ነበር። ደቡብ አፍሪካ ግን ስፖርትን የዘር አጥር አድርጋው ነበር። በ1957 በካርቱም የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ሲደረግ ከመሥራቾቹ አንዷ የነበረችው ደቡብ አፍሪካ ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበት ቡድን አላሰልፍም በማለቷ ከውድድሩ ወጣች። ተጋጣሚዋ ኢትዮጵያም ያለ ጨዋታ ለፍጻሜ አለፈች። ኢትዮጵያዊው ይድነቃቸው ተሰማም አፓርታይድን በስፖርቱ ዓለም አጥብቀው ከታገሉት አንዱ ነበሩ፤ በ1976 ፊፋ ደቡብ አፍሪካን አባረረ። ይህ በር መዝጋት ተገቢ ፍርድ ነበር። የ1994ቱ ምርጫ ሥርዓቱን ከለወጠ በኋላ ግን ማንዴላ ሌላ ፍርድ ሰጡ። ብዙ ጓዶቻቸው የነጮች የበላይነት ምልክት ነው ብለው ሊያስወግዱት የፈለጉት የራግቢው ስፕሪንግቦክ እንዲቆይ ተከራከሩ። ሰኔ 24 ቀን 1995 ደቡብ አፍሪካ ኒው ዚላንድን 15 ለ12 ባሸነፈችበት የዓለም ዋንጫ ፍጻሜም የቡድኑን አምበል 6 ቁጥር መለያ ለብሰው ወደ ሜዳ ወጡ።

ይህ ሁሉ ወደ ፖለቲካው ያደርሰናል። በጥር 1985 መጨረሻ ፕሬዚዳንት ቦታ የትጥቅ ትግልን ካወገዙ እንደሚፈቱ ሲያስታውቁ፣ ማንዴላ ነፃ ያልሆነ ሰው ውል ሊዋዋል አይችልም የሚል መልስ ሰጡ፤ ይህም የጠበቃ መልስ ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ግን ከጓዶቻቸው ተለይተው በታሰሩበት ጊዜ ከመንግሥት ጋር ለመነጋገር ብቻቸውን ወሰኑ። አሳባቸውን በገለጡላቸው ጊዜ ካትራዳ አጥብቀው ተቃወሙ፤ ሲሱሉም ንግግሩን መንግሥት ቢጀምረው ይሻል ነበር አሉ። ጥርጣሬያቸው መሠረት ነበረው፤ ድርጅትን ሳያማክር ከጠላት ጋር የሚቀመጥ መሪ ትግሉን አሳልፎ ሊሰጥ ይችላልና። ማንዴላ በንግግሩ ለአንድ ሰው አንድ ድምፅ የሚለውን ዋና ጥያቄ አለመልቀቃቸውን ውጤቱ አሳይቷል። የካቲት 11 ቀን 1990 ከ27 ዓመት እስር በኋላ ተፈቱ፤ በ1994 የመጀመሪያው በመላው ሕዝብ የተመረጡ ፕሬዚዳንት ሆኑ።

ያ ስምምነት ዛሬም በክርክር ላይ ነው። መሬትና ሀብት እንደ ድምፁ ለሁሉ ስላልደረሰ፣ ማንዴላ ከሰሙት ብዙ፣ ካስከፈሉት ጥቂት ነው የሚሉ አሉ። ይህም ቢሆን በአግባቡ ሊሰማ የሚገባው ቃል ነው። መምህሩ መጽሐፍ ሲያስተምር፣ ተዋናዩ የባላጋራን ገጸ ባሕርይ ሲላበስ፣ ካድሬውም በስብሰባ ላይ የወጣቱን ተቃውሞ ሲያደምጥ ከእኚህ ጠበቃ የሚያገኘው ትምህርት አለ። ማንዴላ ሠላሳ ዓመት ያህል ሲሰሙ የኖሩት አፓርታይድ ጥፋተኛ መሆኑን ተጠራጥረው አይደለም። ግፈኛውን ሲከሱ ክሱ እንዳይፈርስ፣ ሲፈርዱም ፍርዱ እንዲጸና ፈልገው ነው።