ለእንግዳ ነጂ ዋስ የሚሆነው ማን ነው?

በአገራችን ልማድ ገንዘብ የሚበደር ወይም ለሥራ የሚቀጠር ሰው አስቀድሞ የሚጠየቀው ዋስ ነው። ዋሱም የታወቀ፣ ቤቱና ንብረቱ በሰፈር የሚታይ መሆን አለበት። ታዲያ አንድ መንገደኛ ዘመድም ወዳጅም በሌለበት አገር ከአይሮፕላን ወርዶ፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ብዙ ገንዘብ የሚያወጣ አውቶሞቢል ተረክቦ፣ ሦስት አራት ከተሞችን ጎብኝቶ፣ ድንበርም ተሻግሮ በሌላ አገር ሲያስረክብ ዋስ የሆነለት ማን ነው? የኪራይ አውቶሞቢል ታሪክ በአብዛኛው የዚህ ጥያቄ ታሪክ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

ማርቲን ሲክስት የተባለው ጀርመናዊ በሙኒክ ከተማ በ1912 በሦስት አውቶሞቢሎች ሥራውን ሲጀምር፣ ደንበኞቹ በአብዛኛው ለሽርሽር የሚመጡ ባለጸጎች እንግሊዛውያንና አሜሪካውያን ነበሩ ይባላል። ያኔ ባለጸግነቱ ራሱ እንደ ዋስ ይቆጠር ነበር። በ1914 ጦርነቱ ሲነሣ መኪናዎቹ ለሠራዊቱ ተወሰዱ። በአሜሪካ ደግሞ በኦማሃ ከተማ ጆ ሳውንደርስ በ1916 አንድ ሞዴል ቲ ፎርድ ማከራየት ጀመረ። ከፊት ጎማው ላይ የርቀት መቁጠሪያ ገጥሞ ለአንድ ማይል 10 ሳንቲም ያስከፍል እንደ ነበር ይተረካል። ይህ መቁጠሪያ ነጂው የት ድረስ እንደ ሄደ ይናገራል እንጂ፣ እንዴት እንደ ነዳና መኪናውን ይመልስ እንደ ሆነ አይናገርም። በ1918 ዋልተር ጃኮብስ በቺካጎ በ12 ፎርዶች የጀመረው ሥራ በ1923 ለጆን ኸርትዝ ተሸጠ፤ ስሙም እስከ ዛሬ ቀርቷል። በእነዚያ ዓመታት አሜሪካ መጠጥን በሕግ ከልክላ ስለ ነበር፣ የመጠጥ አሻጋሪዎች ኪራይ መኪና ይወዱ እንደ ነበርና የሙያውም ስም በዚህ እንደ ጎደፈ ይነገራል።

መኪናና አይሮፕላን የተገናኙት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ዋረን ኤቪስ በ1946 በዲትሮይት አቅራቢያ በዊሎ ረን የአይሮፕላን ማረፊያ ሥራውን ከፈተ። ከአራት ዓመት በኋላ የዳይነርስ ክለብ ካርድ ወጣ። ለምግብ ቤት ሒሳብ የታሰበው ይህ ካርድና ተከታዮቹ ለአከራዩ ትልቅ እፎይታ ሆኑ። ምክንያቱም መንገደኛውን አከራዩ ባያውቀውም ካርዱን የሰጠው ድርጅት ያውቀዋል። ዛሬም አከራዩ ከካርዱ ላይ የተወሰነ ገንዘብ አስይዞ የሚያቆየው በዚሁ ሥርዓት ነው። እንግዲህ ዋሱ ተገኘ፤ ነገር ግን ለአከራዩ ብቻ ነው።

መንግሥታት ግን የራሳቸው ጥርጣሬ ነበራቸው። ጉምሩክ መኪናው ገብቶ ሳይቀረጥ እንዳይሸጥ ይሰጋል፤ ፖሊስ ነጂው መንዳት ማወቁን ይጠይቃል። ለመጀመሪያው ስጋት በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዋዜማ ትሪፕቲክ የሚባል ባለ ሦስት ክፍል ወረቀት ሥራ ላይ ውሎ ነበር፤ አንዱ ክፍል በመግቢያው ኬላ፣ አንዱ በመውጫው ይቀራል፤ ሦስተኛው ከነጂው ጋር ይሆናል። ለሁለተኛው ስጋት በጥቅምት ወር 1909 በፓሪስ የተፈረመው ስምምነት ዓለም አቀፍ የጉዞ ወረቀትንና ከመኪናው ጀርባ የሚለጠፈውን የአገር መለያ ፊደል አስገኘ። በ1926 ሌላ የፓሪስ ስምምነት የመኪናውን ወረቀት ከነጂው ፈቃድ ለየ። ዛሬ መኪና ለሚከራይ ሰው ይህ ልዩነት ዋናው ነገር ነው፤ ፈቃዱ የእርሱ፣ ሊብሬው ግን የሌላ ነውና። ከዚያም የ1949 የጄኔቫና የ1968 የቪየና ስምምነቶች ተከተሉ። ሆኖም አንዱ ሌላውን ሙሉ በሙሉ አልተካም። ጃፓን የጄኔቫውን እንጂ የቪየናውን ስላልተቀበለች፣ በቪየናው መልክ የተዘጋጀ ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ ይዞ ቶኪዮ የሚወርድ ጎብኚ መንዳት አይፈቀድለትም።

በእኔ ግምት ከሁሉ የከበደው የመድን ጉዳይ ነበር። የሮም ታርጋ ያለው መኪና በሊዮን ከተማ እግረኛ ቢገጭ፣ ተጎጂው ካሣውን ማንን ይጠይቅ? ጣሊያን ድረስ ሄዶ በማያውቀው ቋንቋ ይክሰስ? ነጂው የሦስት ቀን እንግዳ ነው፤ ነገ የለም። በተባበሩት መንግሥታት የአውሮፓ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር በ1949 የተጠነሰሰውና ከጥር 1 ቀን 1953 ጀምሮ የሠራው የአረንጓዴ ካርድ ሥርዓት መልስ የሰጠው ለዚህ ነው። በእያንዳንዱ አገር የመድን ሰጪዎች ቢሮ ተቋቋመ። አደጋው የደረሰበት አገር ቢሮ ተጎጂውን በአገሩ ሕግ ይክሳል፤ ያወጣውንም ካርዱን ከሰጠው መድን ሰጪ ወይም ከዚያ አገር ቢሮ ያስመልሳል። ተጎጂው ከደጁ ሳይርቅ ካሣውን ያገኛል። ዋሱ ሰው መሆኑ ቀርቶ ሙያ ሆነ ማለት ይቻላል።

ይህ ሁሉ ተሟልቶም ተከራዩ እንደ ልቡ አይሆንም። መኪናውን ሮም ተረክቦ ፓሪስ ለመተው የሚፈልግ ሰው ከኪራዩ በላይ የሚከፍለው፣ ያ መኪና መልሶ በሰው መነዳት ወይም በጭነት መመለስ ስላለበት ነው፤ የጣሊያን ታርጋ ይዞ ፈረንሳይ ውስጥ ለሌላ ለማከራየትም ሕጉ ብዙ ጊዜ አያመችም። የትኞቹን አገሮች መሻገር እንደሚቻል የሚወስነውም ውሉ ነው። ከተፈቀደው ድንበር አልፎ የተገኘ ተከራይ የመኪናውን ጉዳት ከኪሱ ሊከፍል ይችላልና፣ የውሉን ጥቃቅን ጽሑፍ ፊርማ ሳይቀድም ማንበብ ይበጃል።

ይህ ታሪክ ወደ እኛም ደርሷል። የምሥራቅና የደቡብ አፍሪካ አገሮች የቢጫ ካርድን ፕሮቶኮል የፈረሙት በታኅሣሥ ወር 1986 እዚሁ አዲስ አበባ ነበር፤ ሥራውም በ1987 ተጀመረ። አሠራሩ የአረንጓዴው ካርድ ታናሽ ወንድም ነው፤ ከሦስተኛ ወገን ኃላፊነት ሌላ የነጂውንና የተሳፋሪዎቹን የሕክምና ወጪም ይነካል። በሞያሌ በኩል ወደ ኬንያ የሚሻገር መኪና ይህን ካርድ ይዞ ያልፋል፤ ኢትዮጵያ በ1956 ዓ.ም. ከግራ ወደ ቀኝ መንገድ ስለ ዞረችና ኬንያ በግራ ስለ ቀረች፣ ነጂው ከኬላው ማዶ ጎኑን መለወጥ ይኖርበታል።

ለጎብኚ የሚከራይ መኪና በእኛ አገር ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ከነሾፌሩ ነው። የውጭ አገር ሰው ይህን እንደ ምቾት ይቆጥረዋል። ባለቤቱ ግን ከመኪናው ጋር የራሱን ሰው መላኩ ነው፤ ሾፌሩ መንገዱን ያውቃል፣ ማታ የት እንደሚያድር ያውቃል፣ መኪናውንም ይመልሳል።